የዘበኛው ዘበኛ

ሌባው ብዙ አልነካም፣ ከኮቺ ቤቴ ገብቶ፤
ፓምፑን ከነቱቦው ከጉድጓድ አውጥቶ፣
ከሰጣሁበት ገመድ ሹራቤን ጎትቶ፣
ደግሞ ከበረንዳ የባሌን ዱካ አንስቶ፤
ዱካ ይዞ ሄደ፣ ዱካ ጭቃ ላይ ትቶ።

ፖሊስ መጥቶ ለካው፤ አርባ ሁለት ቁጥር እግር።
"ሌላስ የጠፋ አለ?" "የለም" አልኩት፤ ምን ልንገር?
ባለ ሦስት እግሩ፣ ከዋንዛ የተጠረበው፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያን ሰው ያስቀመጠው፣
በፖሊስ መዝገብ ላይ "አንድ በርጩማ" ነው።

ልጄ ሐያት ከአዳማ በስልክ ተቆጣች፤
"በቃ፣ ዘመናዊ ጥበቃ ይግባ!" አለች።
የሒሳብ መምህር አይደለሁ? ወረቀት አሰመርኩ፤
ዋጋ፣ ባትሪ፣ ዋስትና ብዬ ዓምድ ከፈልኩ፤
ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሂርማታ ወረድኩ።

ነጂብ ከመስታወቱ ኋላ ዓይኖች ደርድሯል።
"ይሄ በጨለማ ያያል፤ ይሄ ሲያወሩት ይመልሳል፤
ይሄኛው፣ ቲቸር፣ ሰውን ከድመት ይለያል።"
"ከጅብስ?"
"እሱን እንኳ..." ብሎ ሳቀ፤ "ገና አልተሞከረም።"
"መብራት ሲሄድስ?"
"ባትሪ አለው፤ ከስድስት ሰዓት አያንስም።"
"ኔትወርክ ሲሄድስ?"
ነጂብ ጣሪያውን አየ፤ መልስ አልሰጠኝም።

በጣት የሚከፈት ቁልፍ ደግሞ አመጣልኝ፤
አውራ ጣቴን ባኖር ሦስት ጊዜ ጮኸብኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ በልቶታል፣
አሻራዬ ሰሌዳ ላይ ተጠርጎ ቀርቷል፤
የገዛ ቤቴ በር "አላውቅሽም" ሊለኝ ነው።

ራውዳ ጎረቤቴ አንገቷን በአጥሩ አስግጋ፣
"ካሜራ? እኔ እያለሁ? ስንት ነው ለመሆኑ ዋጋ?
ማክሰኞ ማታ ኪሎ ሥጋ ይዘሽ አልገባሽም?
ከኔ ዓይን የሚያመልጥ ከግቢሽ አይወጣም!"
(ሌባው ሲወጣ ግን ራውዳ ተኝታ ነበር።)

አባ ፊጣ ብቻ ትንፍሽ አላለም።
ሦስት ቤት ይጠብቃል፤ መሣሪያ የለውም፣
ዱላና ሳል እንጂ። ሳሉ ከሩቅ ይሰማል።
ያን ሌሊት ሰቃ ነበር፣ የእህቱ ልጅ ሞቶ፤
ሲመለስ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ አይቶ፣
የሰረቀ ይመስል ቆመ አንገቱን ደፍቶ።

ነጂብ አንዱን ሰቀለው፤ "ለሳምንት ይሞክሩት" ብሎኝ።
በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ግቢዬን በስልክ አያለሁ፣
ግራጫ ነው፤ የማላውቀው ሰው ግቢ።
ሰባት ሰዓት ሲሆን የጅማ ዝናብ ወረደ፤
አባ ፊጣ መጣ፤ ወደ ካሜራው ሄደ፤
ቀና ብሎ አየኝ። ዱላውን ወደ ላይ ሰደደ።
ልቤ፣ ምን ልዋሽ፣ "ሊሰብረው ነው" አለኝ፤
እንጀራውን ሊነጥቅ የመጣ ዓይን ነዋ፣ ማን ይፈርድበታል?

እሱ ግን ላስቲኩን ከራሱ ላይ ገፎ፣
በዱላው ጫፍ አንስቶ፣ ካሜራው ላይ ደርቦ፣
እንደ ሕፃን ራስ ሸፋፍኖት ተመለሰ።
እስኪነጋ ድረስ ስልኬ ላይ የታየኝ
ሰማያዊ ላስቲክ ነው፣ ጠብታ የሚደበድበው።
ድምፁ ግን ይሰማል፦
ዝናቡ፣
ከዝናቡ ሥር ደግሞ ሳሉ።

ጠዋት ፎጣ ይዤ "ምን ነካዎት?" አልኩት።
"አዲስ ሠራተኛ ነው" አለ፣ ጢሙን እየጨመቀ፤
"የኛን አገር ዝናብ ገና አላወቀ።"

በሳምንቱ ነጂብ "ታዲያ የቱን መረጡ?" አለኝ።
ወረቀቴን አየሁ፤ ይህን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም።
ርካሹን ገዛሁ። በተረፈው ብር
ለካሜራው ክዳን፣ ከቁራጭ ቆርቆሮ፣
ለአባ ፊጣ ካፖርት፣ ውሃ የማያስገባ፤
ሐያት "ይሄም ጥበቃ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ዱካው አልተመለሰም።
ጭቃው ላይ የቀረውንም ዱካ ዝናብ አጠበው።
አሁን በየሌሊቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
ስልኬ ትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል፤
"ሰው ታይቷል" ይላል።
እውነቱን ነው።
አልነሳም። ሳሉን እጠብቃለሁ፤
ሲመጣ፣ ዞሬ እተኛለሁ።