ሃያ ሁለት ሰከንድ

ሴቡ ከተማ ላይ፣ አስራ አንደኛ ፎቅ፣
የቀኑ ፈረቃ ወንበሩን ሲለቅ፣
ሉዝቪሚንዳ መጣች ሹራቧን ደርባ፤
የውጩ ላብ ሳይደርቅ ብርድ አጥንቷ ገባ።

አርባ አንድ አካውንት አለ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣
አርባ አንድ ባለሱቅ፣ አርባ አንድ ጉዳይ፤
ሊድስ ያለ ፍራሽ ሻጭ፣
ካልጋሪ ያለ የጥርስ ሐኪም፣
የድመቶች ሆቴል፣
ስሙን እስከ ዛሬ አስተካክላ ያልጠራችው ጠበቃ፣
ሁሉም በየረድፋቸው፣
እንቅልፋቸውን ለእሷ አደራ ሰጥተው።

አረንጓዴ ከሆነ፣ ባለቤቱ ይተኛ።
ቢጫ ከሆነ፣ እዪው።
ቀይ ከሆነ ግን ማንጎሽን አስቀምጪ፣ ጣትሽን ጥረጊ፣
የማን ገንዘብ እንደሚፈስ ቶሎ ብለሽ ፈልጊ።
ያስተማራት አለቃዋ ሮዴሊዮ ነው።
"ቁጥር አይዋሽም" ይላል፤
ዕድሜውን ሲጠይቁት ግን አምስት ዓመት ይቀንሳል።

በሐምሌ፣ ረድፍ ሠላሳ ሰባት ቢጫ ሆነ።
ባላራት፣ አውስትራሊያ።
ትሬሎር የግድግዳ ሰዓት ጥገና።
በጀቱ በቀን አምስት ዶላር፣
በስብሰባ ላይ ስሙ ተነስቶ የማያውቅ።

ጠቅታ፦ አንድ።
ጥሪ፦ አንድ።
የጥሪው ርዝመት፦ ሃያ ሁለት ሰከንድ።
በዚያ አገር አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
በማግስቱም አንድ።
በማግስቱም አንድ።
ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣
ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ።

ሌባ ነው፣ አለች።
የሰው በጀት ጠቅ እያደረገ የሚጨርስ ሮቦት አይታለች፣
ምቀኛ ጎረቤት አይታለች፤
ግን የትኛው ሌባ ነው በቀን አንዴ ብቻ የሚሰርቅ?
ማንስ ነው ሰዓቴ ቆመ ብሎ
በውድቅት የሚነቃ?

በእረፍቷ ደወለች።
አራቴ ጠራ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፦
"ትሬሎር ነኝ። እጄ ሥራ ይዟል።
መልእክት ይተዉ፤ ሰዓትዎ አልሞተም፣ ደክሞት ነው።"
ከጀርባው ብዙ ሰዓቶች፣ እርስ በርስ ሳይስማሙ፣
ቀጭ ቀጭ ይላሉ።
ከዚያ ጢጥ።
ሃያ ሁለት ሰከንድ።

የአካውንቱን ታሪክ ከፈተች።
ግንቦት አጋማሽ፣ የክፍያ ካርዱ ስም ተቀይሯል፣
ከኤድጋር ወደ ዊኒፍሬድ።
ከዚያ ወዲህ የተጠገነ ሰዓት የለም፤
ክፍያው ግን አንድ ቀን አልዘገየም።
ሌሊት የሚደውለው ስልክ
የከፋይዋ ስልክ ነው።

ቁጥሩን በቃሏ አታውቀው ይሆን?
ታውቀዋለች እንጂ።
ምናልባት ስሙን መጻፍ ትፈልጋለች፣
ፈልጋ ማግኘት ትፈልጋለች፣
ከዝርዝሩ አናት ላይ በደማቅ ፊደል፦
ትሬሎር። አሁን ክፍት ነው።

ለዚያች አንዲት ጠቅታ ሁለት ዶላር ከአርባ።

ሰኞ ሪፖርት አለ። ውጤት የሌለው ይዘጋል።
"አጠራጣሪ" ብላ ጻፈች። አጠፋችው።
"ይታይ" ብላ ጻፈች። እሱንም አጠፋችው።
ከዚያ የጨረታውን ዋጋ ታወርድ ጀመር፣
ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ሳንቲም፣
ከሳንቲምም ሰሌዳው እምቢ እስኪላት ድረስ፤
በዚያ ከተማ፣ በዚያ ሰዓት፣
ስለ ቆመ ሰዓት የሚጫረት ሌላ ነፍስ የለም።

ረድፍ ሠላሳ ሰባት አረንጓዴ ሆነ።
"ጎበዝ፣ ወጪ ቀንሰሻል" አላት ሮዴሊዮ።

አሁን በሴቡ ከሌሊቱ ሰባት ሊሆን ሲል
ሉዝቪሚንዳ ማኘክ ታቆማለች።
ሊድስ ቀልቷል፤ ፍራሽ ሻጩ ትንሽ ይታገሥ።
ማንም አይሰማትም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ፦
አስራ ዘጠኝ፣
ሃያ፣
ሃያ አንድ፣