ፋጉሎና ፉርሽካ

ሌሊቱ ሲገፈፍ በኮሌሩ ዳርቻ
ጀልባዬን ስገፋ እኔና ውሃ ብቻ፤
ቀርከሃ ቆሞበት በኩሬው መካከል
በየቀርከሃው ጫፍ ከረጢት ላንጠለጥል።
ከረጢቱ ከሥሩ ቀዳዳዎች አሉት፣
ዓሦቹ ተሻምተው እንደ ጡት ሊጠቡት።
ሥራዬ መስቀል ነው፣ በማግስቱ ማውረድ፤
የተረፈው ምግብ ስንት እንደሚመዝን
ከሚዛን አስቀድሞ ክንዴ ነው የሚፈርድ።

የኩሬው ባለቤት ቡቻያ ይባላል፤
ሩዝ ይዘራ ነበር፣ ዛሬ ዓሣ ያረባል።
ሮሁና ካትላውን በብድር ነው የገዛው፣
ብድሩ ነው ሌሊት ቀድሞት የሚነሣው።

በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አለኝ ጌታው፦
"ሥጋ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ፉርሽካ ለምን ነው?
የለውዝ ፋጉሎ ሙላ እስከ አፍ ገደፉ፣
የዓሣ ዱቄት ጨምር፣ ይወደድ ግድ የለም፣
ዓሦቼ ይግዘፉ።"
ሞላሁ። ሰቀልኩ። በሉ።

ግን ዓሣ ይዋኛል፣ ይተነፍሳል፣ ይሸሻል፣
ለዚህ ሁሉ ድካም ማገዶ ይፈልጋል።
በክረምት ማገዶ ያለቀበት አባወራ
ምሰሶውን ይፈልጣል፣ ማገሩን ይሰብራል፤
ዛሬን ይሞቅና ነገ ቤት ይፈርሳል።
ዓሣውም እንዲያ ነው፦ ለሥጋ የመጣውን፣
በውድ የተገዛ ወጋግራና ማገሩን
ማገዶ አደረገው። ጭሱ በስንጥቡ ወጣ፤
ስሙ አሞንያ ነው፣ ለኩሬው ጣጣ አመጣ።

ጎህ ሲቀድ ብደርስ ሺህ ክብ ከንፈር
ውሃው ገጽ ላይ ወጥቶ አየር ሲለምን ነበር።
ፋጉሎው ዓሣው ውስጥ፣ ቡቻያ ከዳር ቆሞ፣
ሁለቱም ነደዱ።

በዓመቱ ገለበጠው። "ፉርሽካ ብቻ ስቀል፣
የሩዝ ስብርባሪ፣ ዘይትም ጠብ ይበል፤
ርካሽ ነው፣ ያጠግባል።"
እውነቱን ነው፣ አጠገበ።
ዓሣ ኃይል ከሞላለት አፉን ይዘጋል፤
ፋጉሎዋ ሳትደርሰው ከማዕድ ይነሣል።
ጠግቦ የተራበ ያኔ ነው ያየሁት።

የካልካታው ነጋዴ በረዶ ጭኖ መጣ፤
አንዱን ሮሁ አንሥቶ በካራ ሰነጠቀው፦
ጀርባው ስስ፣ አንጀቱ ነጭ ስብ ያጨናነቀው።
"ይኼ ዓሣ አይደለም" አለ፣ "ሻማ ነው፣ ሻማ!"
ዋጋውን ሲጠራ ቡቻያ ሰማይ ያያል፣
እንዳልሰማ።

ሚስቱ ሲታራትናም የግንበኛ ልጅ ናት፤
ደብተሯን ዘጋችና ጀልባዬ ላይ ወጣች።
አሥራ አንድ ጠዋት እኔ ስቀዝፍ፣ እሷ ዝም።
ምን እንደገባበት አልጠየቀችኝም፤
እርጥቡን ከረጢት በእጇ እየመዘነች
የተረፈውን ብቻ ደጋግማ ጠየቀች።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን አፏን ፈታች፦
"አባቴ ዘንድ ሳለሁ፣
ምሳ ያጣ ግንበኛ ጡቡን ነበር የሚሸጠው።
አስቀድመህ አብላው፣
ያኔ ጡቡ ግድግዳ ይሆናል።"

ፉርሽካ አስቀደመች፣ ፋጉሎውን ሰፈረች።
ለጫጩት ዓሣ ፋጉሎው በዛ ይላል፣
ሲያድግ ይቀንሳል፤
ውሃው ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይጎድላል።
ሁሌ አንድ አይደለም።
ደብተሯ ውስጥ ያለው ስርዝ ድልዝ ነው።

ዘንድሮ ነጋዴው ሰነጠቀ፣ አየ፣
ካራውን ጠረገ፣ ምንም አላለም፤
ዋጋ የሚጨምር ሰው ብዙ አይናገርም።
ብድሩም አልሞተም፤ ግን ከቡቻያ ጋር
አሁን እኩል ይነሣሉ።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።
ማታ ቤት ገብቼ ሳህናችንን አየሁት፦
ሩዝ። ሩዝ። የሁመር መረቅ።
ልጄ ፖሌራማ ሆዷ ሞልቶ ትተኛለች፤
የጤና ሠራተኛዋ ክንዷን በጥብጣብ ለክታ
ቢጫው ላይ ስታርፍ ከንፈሯን መጠጠች።
ስንት ከረጢት ሰቀልኩ እስከዛሬ፣
ይህ ክንድ ስንቱን መዘነ፣
ያችን ትንሽ ክንድ ሳይመዝን!

ለማን እንደነገርኩ አላስታውስም።
በማግስቱ ጀልባዬ ወለል ላይ ቋጠሮ አገኘሁ፦
ምስር፣ ሁለት ኪሎ ገደማ።
ሲታራትናም ጀርባዋን ሰጥታኝ
ከረጢት ትቆጥራለች።
"ምን ትጠብቃለህ?" አለች፣
"ቅዘፍ።"