ሐሙስ የሌለበት ቅጽ

ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ ዶክተር አይልርት፤
ባሌ ሃልቫርድ ነው ያነበበልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለት ቀን ዕረፍት።
«አዲስ ጥናት አለ፤ ገና ንድፉ ላይ ነን፤
ከታማሚም ወገን ሐሳብ ጨምሩልን።»

ጥሩ። እጨምራለሁ።
በቀን ሁለት መስመር፣ እሱ እየጻፈልኝ፣
ቃል ሲጠፋኝ ደግሞ ዝም ብሎ እየጠበቀኝ።

ሳልታመም በፊት ወደቡ ላይ ነበርኩ፤
አሥራ አራት ክረምት የዓሣ ሚዛን ጠበቅኩ።
ጀልባ ሁሉ መጥቶ ቅርጫት ሲያራግፍ
እኔ ነበርኩ መዛኝ፣ እኔ የምጽፍ።
ስለ ደም፣ ስለ ነርቭ አንተ ታውቃለህ፤
ስለ ሚዛን ግን እኔ ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገር፣ ማንን ነው የምትሰበስብ?
«ስድስት ወር የደከመው» ይላል ያንተ መረብ።
በዚህ ቃል ከሆነ ያልደከመ ማን አለ?
መንታ ያላት እናት፣ ሌሊት የሚነዳ ሹፌር፣ ፍቅር የከዳው ሁሉ «ደከመኝ» እያለ።
መረብህ ሰፊ ነው፤ ሄሪንጉን ከኮዱ ቀላቅሎ ያወጣል፤
ሄሪንጉ ሲሻለው «ኮዱም ዳነ» ይባላል።

ማክሰኞ እመጣለሁ። ታጥቤ፣ ሹራብ ለብሼ፣
ኮሪደርህን አቋርጬ፣ ብስክሌትህን ረግጬ።
ነርስህ ጉሮ ፈገግ ብላ «ከአሥር ስንት?» ትለኛለች፤
ደግ ልጅ ናት፤ እንዳላስከፋት «ሰባት» እላለሁ፤ ትጽፋለች።
ረቡዕም ቆሜያለሁ። ሾርባ እንኳ አሙቄያለሁ።

ሐሙስ ግን

ሐሙስ ብርሃን መርፌ ነው።
የማንኪያ ድምፅ መጥረቢያ ነው።
ምላሴ የገዛ ስሜን ማንሳት ይከብደዋል፤
ሃልቫርድ አንገቴን ደግፎ ውኃ በጠብታ ይሰጠኛል።

ቅጽህን አስገለበጥኩት፦ ማክሰኞ አለ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ማክሰኞ።
ሐሙስ የለም።
የኔ በሽታ ግን ሐሙስ ነው፤ ስሙም፣ አድራሻውም።

ጊሪድን ታስታውሳለህ? በፊተኛው ጥናት አብራኝ ነበረች፤
«በየሳምንቱ እርምጃ ጨምሪ» ተባለች፤ ጨመረች፤
በአምስተኛው ሳምንት ደረጃው ሥር ቀረች።
በዘገባው ላይ ግን «አቋረጠች» የምትል አንዲት ቃል ሆነች።
እኛ ወደብ ላይ፣ ከቅርጫት የወደቀ ዓሣ
ከጎኑ ይጻፋል፤ አይባልም «ተረሳ»።

የእርምጃ መቁጠሪያውም ነበር፣ እጃችን ላይ የሚታሰር፤
መሃል ላይ አወለቁት። «ታማሚን ያደክማል» የሚል ነበር የቀረበው ነገር።
ሠላሳ ግራም ነው። መዝኜዋለሁ።

«የዳነ» የሚባልበትን ልክም ዝቅ አደረጉት፣ ሰው ሳይድን ገና።
አንድ ክረምት አንድ ነጋዴ ሚዛኔን በጓንቱ ጫፍ ተጭኖ ነበርና
ወደብ ዳግም አልረገጠም፤ ቅርጫቱም ተወረሰ።
ያ ሰው ግን ምሁር አልነበረም፤ ነጭ ጋውን አልለበሰ።

አታጥኑን አላልኩም። እንዲያውም ካንተ በላይ
እኔ ነኝ የቸኮልኩት፣ ከዚህ አልጋ ላይ።
ነገር ግን መጥኖ መደቆስ ዛሬ ነው፣ ገና በወረቀት ሳለ፤
ድስቱ ከተጣደ ወዲያ ለቅሶ ምን ሊረባ፣ ማንንስ አቃለለ?

አሁን ኅዳር ነው፤ ፀሐይ ከትሮምሶ ልትሄድ ነው፤
ሁለት ወር ከተማው በሙሉ የኔን ክፍል ይመስላል፣ ቀኑም ሌሊት ነው።
ሰዉ ያማርራል። እኔ ግን፣ ልንገርህ፣ ጎረቤት የመጣልኝ ይመስለኛል።
በጥር ስትመለስ ልጆች ሊቀበሏት ይወጣሉ፣ ጎዳናው በሳቅ ይሞላል።
ያን ቀን በእግርህ ውጣና ዙር፤
መጋረጃቸው ያልተከፈተ መስኮቶችን ቁጠር።
እነዚያ ወደ ክሊኒክህ አይመጡም።
ከእነሱ ጀምር።

                  ቶርዲስ

ይህን የጻፍኩት እኔ ሃልቫርድ ነኝ። ደብዳቤው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።
ማክሰኞ ጨረሰችው፤ ስሟን በገዛ እጇ አኖረች።
ዛሬ ሐሙስ ነው።
እሱንም ጻፍልኝ ብላኝ ነበር።