ያሉኝ እና ያየሁት

ቸርችል ቁልቁለት ነው፤ ሚዛን ሜዳ ይሻል፤
ከሥሩ ካርቶን አጥፌ ካላጎረስኩት ይዋሻል።
ጧት ጧት በአምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ እፈትነዋለሁ፤
አምስት ካለኝ አመንኩት፤ አራት ካለኝ እመታዋለሁ።
ለቁመት፣ መብራት ምሰሶው ላይ የሰፊ ሜትር ለጥፌአለሁ፤
ማንም ከመውጣቱ በፊት ግን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦
«ስንት ነኝ ይላሉ?»

ደብተሬ ሁለት ዓምድ አለው። ያሉኝ። ያየሁት።
ዋጋው ያው አምስት ብር ነው፣ ላወቁትም ለሳቱት።

ወይዘሮ ብዙአየሁ ከፖስታ ቤት ሲወጡ
«ስልሳ ስምንት» አሉኝ፤ ቦርሳቸውን ለኔ ሰጡ፤
ጫማቸውን አወለቁ፣ ጉትቻቸውንም ጭምር።
ሰባ አራት።
«ቁርስ በልቼ ነው» አሉ፣ ዓይናቸው ከመርፌው ሳይዞር።
እኔ በሆዴ፦ እመቤቴ፣ ከዚህ ከቸርችል ተነሥቶ
ስድስት ኪሎ በታክሲ ነው እንጂ፣ ማን ደረሰ ቁርስ በልቶ?

ወንዶቹ ደግሞ በቁመት ነው የሚለግሱት፤
ተረከዝ ያነሣሉ፤ ፀጉርን እንደ አጥንት ይቆጥሩታል።
አንዱማ መታወቂያውን አውጥቶ ተከራከረኝ፣
የቀበሌው ጸሐፊ ከወንበሩ ሳይነሣ በዓይኑ የለካውን።

ሃምሳ አለቃ ጎበና ግን «አንድ ከሰባ ሁለት» አሉኝ ቀጥ ብለው፣
በስልሳ ዘጠኝ ጦር ሲገቡ ሐኪም የጻፈላቸውን ይዘው።
ምሰሶው አንድ ከስልሳ ስድስት አለ።
ዝም አልኩ። ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ይሸሻል፤
የሳቸው ዓይን የት ሸሸ?
ሳይዋሹ የተሳሳቱትን የምጽፍበት ዓምድ
ከደብተሬ ላይ ታጣ።

ኢዮስያስ «ሃምሳ ዘጠኝ» አለኝ። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ፣
በምስማር የተበሳ፣ ነበረው።
አርባ ሰባት።
ስልኩን ደውሎ አቀበለኝ፦ «እናቴ ናት፣ አንብብላት።»
አነበብኩላት።
ከግራው ዓምድ።

ልክ የገባ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ደልቡ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚው።
«ሃምሳ ሰባት» አለ፤ ወጣ፤ ሃምሳ ሰባት ላይ ቆመ መርፌው።
«እንዴት አወቅህ?» ብለው፣ አቧራውን ከቅንድቡ እያራገፈ፣
«ከረጢቱ ሃምሳ ነው፤ እኔ በሰባት እበልጠዋለሁ» ብሎ አለፈ።

ትናንት አንዲት የነርስ ተማሪ፣ ቅጽ ይዛ፣ ሰው ስትጠይቅ ውላ፣
«እርስዎስ?» አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክላ።
«ስልሳ አምስት» አልኳት፣ ስሜን እንደሚጠይቁኝ ፈጥኜ።
ጻፈች። አመሰገነች። ሄደች።
ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሚዛን ሀገር ሲመዘን
እኔ አልወጣሁበትም።

ሲመሽ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ዙሪያዬን አይቼ ወጣሁ።
ሰባ አንድ።
ሳንቲሙን ከኪሴ አወጣሁ። ጃኬቴን አወለቅሁ። ካርቶኑን አስተካከልኩ።
ቁልቁለቱን ረገምኩ።
ሰባ።
ደብተሬን ገለጥኩ፤ ስሜን ጻፍኩ፤ የግራውን ዓምድ ሞላሁ።
የቀኙን ነገ ጧት፣
ቁርስ ሳልበላ።