ሰባተኛዋ ጎድን

ረፋድ ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ ሳይዝ ገና፣
ታይዋን ወረድኩኝ፣ መርከብ ልገዛና
ልገጣጥም ብዬ፣ በቀሪው ዕድሜዬ።

የባጃጁ ልጅ በመስታወት አየኝ፤
«አባባ፣ ደቻቱ እኮ አሸዋ ነው» አለኝ።
አውቃለሁ አልኩት። ሒሳቡን ከፈልኩት።

ከዚያ አሸዋ ማዶ፣ ባቡር አትልዬ ውስጥ፣
እንጨት ስልግ አረጀሁ፤
የሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚ፣ የመስኮት ክፈፍ፣
የፉርጎ በር ሲሰበር ስጠግን፣ ሲጣመም ሳሰልፍ።
ባሕርን ግን ያየሁት አንዴ ነው፤ ጅቡቲ፣
በሁለት ፉርጎ መሃል፣ እንደ ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ።
ፊሽካ ተነፋ፤ ተመለስን።

ሆደን ሁለት ካርቶን ከላይ አወረደች።
አንደኛው ላይ መርከብ ማዕበል ሲሰነጥቅ፣
ሸራው ተነፋፍቶ፣ ውሃው ሲያብረቀርቅ፤
«አሁን የሚሄደው ይሄ ነው» አለችኝ፤
እንኳን ባሕር ላይ፣ ከሱቋ መደርደሪያ ወጥቶ እንደማያውቅ
አቧራው ነገረኝ።

ሥዕል አልገዛም፤ ክፈችው አልኳት።
አንዲት ሳንቃ መዝዤ ወዳፍንጫዬ አስጠጋኋት፤
ሙጫ ሙጫ አለችኝ።
ትንሽ ሳጎብጣት ቀጭ!
ደግ እንጨት ሲታጠፍ ያጉረመርማል፣
ያኮርፋል፣ ይለመናል፣
እንደ ብስኩት ግን አይሰበርም።
«ሰበርካት እኮ!» አለች።
እኔ ምን ላድርግ፣ ስትወለድም ተሰብራለች።

ሁለተኛው ካርቶን ሥዕል አልነበረውም፤
ጥጉን አይጥ የበላው፣ በሲባጎ የታሰረ፣
ጽሑፉን የድሬ ፀሐይ ልሶ የጨረሰው።
አከርካሪውን አወጣሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ
ጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤
ወደ ሽንሌ እንደሚሄደው ሐዲድ ነው፣ ቀጥ ያለ።
ከክሩ ጫፍ ቆርጬ ክብሪት ለኮስኩበት፤
አመድ ሆነ እንጂ አልተንጠባጠበም፤ ጥጥ ነው።
ቁልፌ ላይ ያለችው ማግኔት ሚስማሮቹን
ብታያቸው ብታያቸው፣ ዝም አለቻቸው፤ ነሐስ ናቸው።
ፕላኑ በሙሉ መጠን፣ በፈረንሳይኛ፤
አለቃዬ ይሰድበኝ በነበረበት ቋንቋ።

ጎድኖቹን ደረደርኩ፣ መስታወቱ ላይ።
አንድ፣ ሁለት... ስድስት፣ ስምንት።
ደግሜ ቆጠርኩ።
ሆደን ቀድማኝ አየች፤ «አባባ፣ ይሄ ጎዶሎ ነው፣
ሰባት ቁጥር የለም። ያንን ውሰድ፣ ሙሉ ነው።»

ሙሉውንማ ሰማሁት፣ ቀጭ ሲል።

እኔም ቤት አንዲት ጎድን ጎድላለች።
ስሟ አልጣሽ ነበር።
ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ውሃ አቀብዪኝ ስል፣
በሩን ዝጊው ስል፣ ጨው በዛ ስል፣
በስሟ ስጠራት ጸሎት ማድረሴ ነበር፤
እኔ ግን ውሃ የለመንኩ መስሎኝ ኖርኩ።

ይህን ለሆደን አልነገርኳትም።
ያልኳት «ጎዶሎ ከሆነ፣ ቀንሺ» ነው።
ሁለት መቶ ብር ቀነሰች፣
እየተነጫነጨች በፌስታል ቋጠረች።

አልጋዬ ሥር አንድ ሳንቃ አለች፤
አሮጌዎቹን ፉርጎዎች ለማገዶ ሲያፈርሱ
ከአግዳሚ ላይ ነቅዬ ያስቀረኋት፣
የስንቱ ተሳፋሪ ወገብ ያለሰለሳት።
ማታ መብራት ጠፋ፤ በሻማ ተቀመጥኩ፤
ስድስትን ከስምንት ላይ ደርቤ አስተካከልኩ፤
አንዷ ጠባብ ናት፣ አንዷ ሰፊ፤
በሁለቱ መሃል የቀረውን ባዶ
በእርሳስ ከበብኩት።

ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ብልጭ አለ።
ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ
ደቻቱን ያዳምጣል፣ መጣ አልመጣ እያለ።
እኔ መጋዜን ፈለግሁ፤
ጥርሷ ዶልዱሟል፣ ግን ትቆርጣለች።