ሁለት ዓይነት ትላንት

የቼሪ ማሸጊያው ሲዘጋ፣ ሐሙስ ማታ፣
ጣታችን እንደ ቀላ፣ ወገባችን ሳይፍታታ፣
ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር
ጉልበት አገጭ ነክቶ እንቀመጥ ነበር።

ታልካ ነው ከተማው፣ ቺሊ ነው አገሩ፤
ከሄይቲ የመጣን፣ ዘጠኝ ነን ብትቆጥሩ።
ሴኞራ ኤርሲሊያ፣ መነጽር በገመድ፣
ጡረታ ወጥተው እንኳ ቤት መዋል የማይወድ
እግር ያላቸው ሴት፣ ጠመኔ ለሁለት ሰብረው
"ስፓኒሽ ሁለት ትላንት አለው" አሉን ዞረው።

"አንደኛው ዝግ ነው፤ እንደ በር ይገጠማል፤
መጣሁ፣ ሠራሁ፣ በላሁ፤ ቀኑ ይታወቃል።
ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ነፋስ ይገባበታል፤
ይዘንብ ነበር፤ ትስቅ ነበር፤
ከመቼ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

በእኔ ቋንቋ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።
"ቴ" ብለህ ከግሡ ፊት አንዲት ጠጠር ታስቀምጣለህ፣
ትላንት ሆነ ማለት ነው፤ መንገድህን ትቀጥላለህ።
ሮዝሌን ከኋላዬ በክርኗ ጎሸም አርጋኝ
"እዚህ አገር ትላንት እንኳ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤
ኪራዩን ማን ይችላል?" ብትል ሳቅ አመለጠኝ።
ሴኞራም አብረው ሳቁ፣ ያልገባቸውን ቀልድ።

ቼሪው አልቆ ፖም መጣ።
ከመደዳው ፊት ቆመን፣ የበሰበሰውን እየለቀምን፣
እርባታውን እናላምጥ ነበር፦
ኮሚ፣ በላሁ። ኮሚያ፣ እበላ ነበር።
አንዲት "ያ" ጫፉ ላይ ስትንጠለጠል
የአንድ ቀን ምሳ የዕድሜ ልክ ልማድ ይሆናል።
አለቃው ዶን ሄናሮ ባጠገባችን ሲያልፍ
"ጸሎት ነው ወይ?" ይለን ነበር።
(በየቀኑ ስለሚል፣ ክፍቱ ትላንት።)
"ዝም በሉ!" አለን።
(አንድ ጊዜ ብቻ። ዝጉ።)

ዝናቡ ሲጀምር ሴኞራ አንዲት ቃል ጻፉ፦ ፉዌ።
"ይህቺ ለሁለት ጌታ ታድራለች" አሉ።
"ሄደም ፉዌ ነው፤ ነበረም ፉዌ ነው፤
የቱ እንደ ሆነ ዓረፍተ ነገሩ ይነግራችኋል።"
"ዓረፍተ ነገሩ ካላለቀስ?" አልኩ።
ሰዓታቸውን አዩ። የቤት ሥራ ሰጡን፤
ስለ ወንድም ወይ ስለ እህት፣ አሥር መስመር።

ወንድሜ ፍሪትስኔል በጥርሱ ክፍተት ያፏጭ ነበር።
ገንዘብ ሲቆጥር ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።
እነዚህ ቀላል ናቸው፤ እጄ ራሱ ጻፋቸው።
ስድስተኛው መስመር፦
ዓምና በግንቦት፣ በጫካው በኩል፣ ወደ ሰሜን፣ በእግሩ፣
እዚህ ላይ ግሥ ያስፈልጋል።
ያለኝ የድምፅ መልእክት ነው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ፤
ወንዝ ይሰማል፤ "ባትሪዬ" ይላል።

ፉዌ ብዬ ጻፍኩ።
ሁለቱም ከወረቀቱ ቀና ብለው አዩኝ፤
ሄደ። ነበረ።
ወረቀቱ እስኪበሳ በላጲስ ፋቅሁ፤
"ኢባ" አልኩ በምትኩ፤ ይሄድ ነበር።
በዚህ ግሥ ውስጥ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤
ቦርሳው ከትከሻው አልወረደም፤
መድረስም አይጠየቅም፣ መቅረትም።

በቀይ ሰረዙት። ፉዌን መለሱበት፤ በጎኑም፦
"ግንቦት ብለሃል፤ ቀን ያለው ነገር ይዘጋል።"
ከሰባት ስድስት ሰጡኝ። ትክክል ናቸው፤
መጽሐፉም እንዲያ ይላል።
ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን በየትኛው ትላንት?
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የመጨረሻው አውቶቡስ ሾፌር በመስታወቱ አየኝ፤
"ከየት ተሳፈርክ? ከፍለሃል?" ብሎ ጠየቀኝ።
"ከትምህርት ቤቱ ተሳፈርኩ፤ ከፈልኩ፤
ሳንቲሙን ራስህ ተቀበልከኝ።"
ሦስት ግሥ፣ ሦስቱም ዝግ፤ አንዱንም አልሳትኩ።
"ጥሩ ትናገራለህ" አለኝ፤ አመሰገንኩ።

ወረድኩ። ከኋላዬ ተዘጋ የአውቶቡሱ በር።
ኮፍያ አልያዝኩም። ይዘንብ፣ ይዘንብ ነበር።