ሁለት ዓምድ

ቫልዲቪያ ላይ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤
ከዓሣ ገበያው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የባሕር አንበሳ ይጮኻል።

ሚያራይ ደብተሯን በእርሳስ ለሁለት ሰነጠቀች፤
በግራ «ተቀመጥኩ»፣ በቀኝ «ገባኝ» ብላ አደመቀች።
ዓርብ ፈተና አለባት፦ የባሕር አልጌ፣ ሰባት ምዕራፍ፤
ራሷን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ፣ ምላለች ሳትዋሽ ልትጽፍ።

ሰኞ፦ ተቀመጥኩ፣ አራት ሰዓት ሙሉ።
ገባኝ፦ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ሌሎቹ የት ዋሉ?

ማክሰኞ፦ ምዕራፍ ስድስትን በቢጫ ቀለም ቀባሁ፤
ገጹ የአበባ መስክ ሆነ፤ እኔ ግን አጥሩን አልፌ አልገባሁ።

ረቡዕ ገበያ ወጥታ የምትጮኽ ሰዓት ገዛች፤
ሰዓቷን እንጂ ራሷን መች በዚያ ዋጋ ገዛች?
በየሃያ አምስት ደቂቃው ትነሣለች፣ ሻይ ታፈላለች፤
ስለ ሠንጠረዡ ቀለም ግማሽ ሌሊት ታስባለች።

ሬናቶ፣ የክፍል ጓደኛዋ፣ ደብተሩን ገልጦ ሳቀ፦
«ስለ ጥናትሽ ያጠናሽው ከአልጌው ጥናት ላቀ!»

አልመለሰችለትም።

ሐሙስ ማታ መጽሐፉን ከደነች፤ ደወሏንም አጠፋች፤
አልጌ እንዴት እንደሚራባ ለመስኮቱ ማስረዳት ጀመረች፣
ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ጠፋች።

እዚህ ጋ ነው።
የጠፋችበትን ቦታ በእርሳስ ከበበችው፤
ያንን አንድ ገጽ ብቻ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ ደጋግማ አነበበችው።

በግራ፦ አርባ ደቂቃ። በቀኝ፦ ሠላሳ አንድ።
ዘጠኙን የባሕር አንበሳው ወሰደ፤ ለእሱ ግን የለም ዓምድ፤

በኅዳጉ ላይ ጻፈችው።